ከሚዛኑ ጋር የተሟገተው አባት

የሊዲያ አባት መሞቱን የሰማሁት ቴፒ ገበያ ውስጥ ጎደሬ እየመረጥኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ የድሮ የሚዛን ተፈሪ ጎረቤቴ ናት። መርዶ መንገር አልሆነላትም፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ዝናቡ ስትጠይቀኝ ቆይታ በመጨረሻ "አስቴርን መጥተሽ ብታጽናኛት ጥሩ ነው" አለች። አስቴር ሚስቱ ናት፤ ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። የመረጥኩትን ጎደሬ ለሻጯ መልሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሕፃን ታቅፋ ነበር። ልጁ ቀጭን ነው፤ ዓይኑ ግን አንድ ቦታ አያርፍም። ሻርፔን ይጎትታል፣ ያየኛል፣ ተመልሶ እናቱ ጉያ ይደበቃል። ሸኮን እስክናልፍ እሱን እያየሁ ስለ ሊዲያ አባት አሰብኩ። እሱ ቢሆን ኖሮ ከዚህች ሴት ጋር ሚዛን እስክንደርስ ያወራ ነበር። ጥርስ አበቀለ ወይ? ሲስቅ ድምፅ ያወጣል? ሌሊት ይተኛል? እያለ ይጠይቃታል። ኪሎው ስንት ነው ብሎ ግን አይጠይቃትም።

ስሙ ታደለ ነው። የግቢው ሰዎች የሊዲያ አባት ነበር የምንለው፤ እሱም ከራሱ ስም ይልቅ ይህኛውን ይወደዋል። አስተማሪ ሆኜ ሚዛን ተፈሪ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ከእነሱ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ባለባጃጅ ነው። አፉን የፈታው በቤንችኛ ስለሆነ አማርኛው የራሱ ለዛ አለው፤ ሲናደድ ደግሞ አንተና አንቺ ይምታቱበታል። ቁመቱ በጣም አጭር ስለሆነ ከመቀመጫው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ያነጥፋል። ተሳፋሪ ሲስቅበት አይከፋውም፤ "መንገዱ እኔን ማየት የለበትም፤ እኔ ነኝ መንገዱን ማየት ያለብኝ" ይላል።

እኔ ናቲን፣ አስቴር ሊዲያን በአንድ ሰሞን ወለድን። አስቴር ሙዝ ነጋዴ ናት። የጤና ጣቢያው የምዘና ቀን ከገበያዋ ጋር ስለሚጋጭባት ሊዲያን ወስዶ የሚያስመዝናት አባቷ ነበር፤ እኔና ናቲም በባጃጁ አብረናቸው እንሄዳለን። ከዚያ ሁሉ እናት መካከል ሕፃን በነጠላ አዝሎ የሚሰለፍ ወንድ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ እያዩት ይሳሳቁ ነበር። ቆይተው ግን ተራ ጠብቅልን ይሉት፣ ልጅም ያስይዙት ጀመር።

ሚዛኑ ከጣሪያው ማገር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሕፃኑ እንደ ቁምጣ የተሰፋ ጨርቅ ውስጥ ይገባና አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ያለቅሳል፤ መርፌው ይወዛወዛል። ሲረጋ ነርሷ፣ ሲስተር ወይንሸት፣ ኪሎውን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ከጠረጴዛው ያለችው ጓደኛዋ በቀለም የተከፈለው የእድገት ካርድ ላይ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቡ የጤነኛ ክብደት ምልክት የሆነው አረንጓዴው ላይ ያረፈላት እናት ቀና ብላ ትወጣለች። ቢጫው ላይ ያረፈባት ደግሞ ልጇን ቶሎ ሸፍና ከሰው ዓይን ለመሰወር ትጣደፋለች። የተመዘነው ልጁ ቢሆንም የቀለለችው እናትየው ትመስል ነበር።

ሲስተር ወይንሸት ክፉ ሴት አልነበረችም። ሥራ የበዛባት፣ ቶሎ ቢደረስላቸው ኖሮ የሚተርፉ ብዙ ሕፃናት እጇ ላይ ያለፉባት ሴት ናት። ስለዚህ መለሳለስ ጊዜ ማባከን ይመስላታል። ሊዲያ በየወሩ ትጨምራለች፤ ግን ሁልጊዜም ከአረንጓዴው መስመር በታች ናት። ሲስተርም በየወሩ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች። "ምንድነው የምታበሏት?"

የሊዲያ አባት ይዘረዝራል። እንቁላሉን፣ አቮካዶውን፣ በወተት የተሠራውን ገንፎ። እውነቱን ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ እነሱ ቤት የሚበላውን አውቃለሁ። ሲስተር ግን እንደዚያ ቢሆንማ ትጨምር ነበር ትለዋለች። አንድ ቀን ከአግዳሚው ላይ ተነስቶ ፊቷ ቆመ። ቢቆምም ከተቀመጡት ሴቶች እምብዛም አልበለጠም።

"ሲስተር፣ እስቲ እኔን ይዩኝ" አላት። "እናቷም ከእኔ አትበልጥም። ባጃጅ ሲኖትራክ አይወልድም።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሲስተር አልሳቀችም። እሱ ግን ለማሳቅ ብቻ አልነበረም የተነሳው፤ ይህ መስመር የማን ልጅ ተለክቶ ነው የተሰመረው ብሎ ጠየቃት። በብዙ አገር ያሉ፣ በደንብ የተመገቡ ጤነኛ ልጆች ተለክተው እንደሆነ ነገረችው። ከእነሱ መካከል የቤንች ልጅ ነበር ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቃት። ትንሽ አሰብ አድርጋ "አላውቅም" አለችው። እሱም ሄዶ ተቀመጠ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሳታውቅ አውቃለሁ ብትለኝ ኖሮ እስከ ማታ እከራከራት ነበር አለኝ።

ክርክሩ ግን እዚያ አልቀረም፤ ባጃጁ ውስጥ ቀጠለ። ከጤና ጣቢያው እናቶችን የሚመልሰው እሱ ስለሆነ፣ ፊታቸውን በመስታወቱ እያየ ምን እንደተባሉ ያውቃል። ያለቀሰች ካለች ሳይጠይቃት አያልፍም። አንዷ እናት፣ ባሌ ካርዱን ሲያይ ልጁን እያስራብሽው ነው ይለኛል አለችው። ሌላዋ፣ አማቴ ወተትሽ ቀጭን ነው ብላ ጡት አስጣለችኝ አለች። እሱም የሚያጽናና የመሰለውን ሁሉ ይናገራል። "ከተማችንን ሚዛን ተፈሪ ያሏት ወደው አይደለም፤ ሚዛኑ ተፈሪ ስለሆነ ነው" ይላቸዋል። እያለቀሱ ይስቃሉ። ከዚያ ደግሞ "ልጅሽን እይ እንጂ ካርዱን አትይ" ይላል። ይህች አባባል በሰፈሩ ተዛመተች። ገበያ ላይ ሳይቀር እናት ለእናት ስትናገራት ሰምቻለሁ።

ዘምዘም የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ከጅማ በኩል የመጡ ናቸው፤ ባሏ ቴፒ ሱቅ ከፍቶ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። አንዋር የሚባል ልጅ ነበራት። ገና ጡት ሳይጠግብ ሌላ አረገዘችና አስጣለችው። እርግዝናው ከባድ ሆኖባት ተኝታ ነው የምትውለው፤ ልጁም ጎደሬና ሻይ በዳቦ እየቀመሰ ይውላል። አንድ የምዘና ቀን የአንዋር ኪሎ ከቀድሞው ቀንሶ ተገኘ። ሲስተር ኪሎውን ጠራች፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ዘምዘምን አያት። ባጃጁ ውስጥ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። የሊዲያ አባት እንደ ልማዱ አጽናናት። የእኔም ልጅ እንደዚያው ናት፣ እዪያት እስቲ፣ ምን ጎድሏታል፣ አላት። ሊዲያ ያን ጊዜ የባጃጁን እጀታ ይዛ ቆማ እየዘለለች ነበር።

ዘምዘም ከዚያ በኋላ ለምዘና ሳትመጣ ከረመች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መንገድ ላይ አስቆመችን። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። "ጋሼ፣ አንዋርን እየው። ወፈረ" አለችው። እውነትም የልጁ ጉንጮች ሞልተዋል፤ እግሮቹም ደንደን ብለዋል። እኔም ወፍሯል ብያለሁ። የሊዲያ አባት ደስታውን መደበቅ አልቻለም፤ ነይ ግቢ፣ ዛሬ ወስደን ለሲስተር እናሳያታለን አላት። ልጁ መንገዱን ሙሉ የእናቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ ዝም አለ። እንቅልፍ ነው ብለን አለፍነው።

አንዋር ተንጠለጠለ፤ አላለቀሰም። መርፌው ከፍ አለ። ነጥቡ አረንጓዴው ላይ አረፈ። የሊዲያ አባት ወደ ሴቶቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ "አዩ ሲስተር? ያለ ሚዛን ወፈረ" አላት። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

ሲስተር ወይንሸት ግን ካርዱን አላየችም። የምታየው የልጁን ፊት ነበር። ከሚዛኑ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ሌላኛውንም እግር ተጫነች፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። በዝግታ "ይህ ሥጋ አይደለም፤ ውሃ ነው። ልጁ አብጧል። አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት" አለች።

የሊዲያ አባት ጎንበስ ብሎ ያንን ጉድጓድ አየው። በራሱ አውራ ጣትም ነካው። ከዚያ አንዋርን ከሲስተር እጅ ተቀበለና ለዘምዘም ሰጣት። ሊዲያን እኔ ጋ ተዋት፤ ሲስተርም ሌላውን ሥራ ለጓደኛዋ ትታ አብራቸው ባጃጁ ውስጥ ገባች።

አንዋር ሆስፒታል ከረመ። ምግብ እንደ ልብ አይሰጠውም፤ ልዩ ወተት በልክ በልክ እያሉ ነበር የሚያጠጡት። የሊዲያ አባት ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ለዘምዘም ምግብ ያደርሳል። አንድ ቀን ተደናግጦ መጣ። ልጁ ዓይኑን ገልጧል፣ ማልቀስም ጀምሯል፣ ኪሎው ግን በየቀኑ እየቀነሰ ነው አለኝ። ዘምዘም ልጄ እየሞተ ነው ብላ ትጮሃለች። ብቸኛ መፍትሔው ሲስተር ወይንሸትን መጠየቅ ነበርና ጤና ጣቢያ ሄዶ ጠየቃት። እብጠቱ ሲወጣ ኪሎው መቀነስ እንዳለበት፣ የሚቀንሰው ውሃው እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሥጋው እንደሚመጣ አስረዳችው። ተመልሶ ለዘምዘም ደጋግሞ አስረዳት። እንደተባለውም ሆነ። አንዋር ቀጥኖ ቀጥኖ አጥንቱ ከታየ በኋላ ነው መሳቅ የጀመረው። ባሏም ከቴፒ መጣ፤ ሱቁን ዘግቶ እስኪወጡ ድረስ አብሯቸው ተቀመጠ።

በሚቀጥለው የምዘና ቀን የሊዲያ አባት ሊዲያን ካስመዘነ በኋላ አልሄደም። ሰልፉ ፊት ቆመና ሴቶቹን ስሙኝ አላቸው። ቀልድ ሊያመጣ ነው ብለው ፈገግ አሉ።

"እኔ ስለ ልጅ በሽታ አላውቅም" አለ። "ልጄ ትንሽ ስለሆነች ተናድጄ ያወራሁትን ነው እንደ እውቀት ያካፈልኳችሁ። የእኔ ልጅ ደህና ናት፤ አሁንም ደህና ናት እላለሁ። የእናንተን ልጅ ግን ሳላውቅ ደህና ነው ማለት አልነበረብኝም። በእኔ አፍ ልጅ ሊሞት ነበር።"

ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረ። "ሲስተር፣ እርስዎም አንድ ነገር ያድርጉልን። ኪሎውን ጮክ ብለው አይጥሩት። ዘምዘምን ከዚህ ያስቀራት የእኔ አፍ ብቻ አይደለም።"

ሲስተር ወይንሸት ፊቷ ቀላ። "ቀጣይ" ብላ ተረኛዋን እናት ጠራች። ያቺ ሴት ልጇን አንጠልጥላ ካወረደች በኋላ ሲስተር በእጇ ምልክት ወደ ራሷ አስጠጋቻትና ጆሮዋ አካባቢ ዝቅ ብላ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ እኔ ሚዛን በነበርኩበት ዘመን ኪሎ ጮክ ተብሎ ሲጠራ አልሰማሁም።

ሁለቱ ጓደኛ ሆኑ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ መከራከር ባይተዉም። አንድ ቀን የሊዲያን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነጥቦቹን በጣቷ እየተከተለች አሳየችው። የሊዲያ ነጥቦች ከታች ናቸው፤ ግን ተያይዘው ሲታዩ ከላይኛው መስመር ጋር ጎን ለጎን ወደ ላይ ይወጣሉ። "እኔን የሚያስፈራኝ ከታች መሆኗ አይደለም፤ የሚወጣው መስመር ሲጎብጥ ነው። የልጅህ አልጎበጠም" አለችው። እሱም ይህን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት አላት። እሷም ስትከራከረኝ እንጂ ስትጠይቀኝ መቼ ከረምክ አለችው። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ባጃጁ ውስጥ የገባ ሕፃን ሁሉ እግሩን ሳያስነካው አይወርድም። "ቆይ፣ ቆይ፣ ጣት ላሳርፍ" ይላል። ፈርታ የቀረች እናት እንዳለች ከሰማ ቤቷ ድረስ ሄዶ ይወስዳታል። አባባሉንም ቀየረ። ሂጂ ይመዝኑት፣ ከዚያ አፍ አለሽ ጠይቂ፣ ሁለቱንም አድርጊ ይላል። ያልገባው ነገር ካለ ግን መጠየቁን አልተወም። የቤንች ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ በእውነት እኩል መክበድ አለባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። አንዳንዴ ናቲና ሊዲያን ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን አቁሞ ያያቸዋል። ናቲ ከሊዲያ በአንድ ራስ ይበልጣል። ግን ሲሯሯጡ ሁልጊዜ የምትቀድመው ሊዲያ ነበረች።

እኔ ወደ ቴፒ ተዛወርኩ። በስልክ እንጠያየቅ ነበር። ሆዱን እንደሚያመው አስቴር ነገረችኝ፤ እሱ ግን ስደውልለት ስለ ሊዲያ ትምህርት እንጂ ስለ ራሱ አያወራም። ባለፈው በዓል ሄጄ ሳየው ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር። አሞሃል ወይ ስለው ደህና ነኝ አለኝ። እኔ ግን ደህና ነኝ ማለቱን አላመንኩትም፤ ነገ ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ ለመንኩት። ሄደ። ግን ዘግይቶ ነበር።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። ዘምዘም ከባሏ ጋር መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አንዋር ቁመቱ እናቱን ሊደርስባት ነው። ሲስተር ወይንሸትም ነበረች። ፀጉሯ ሸብቷል። እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም። ሊዲያ አሁንም ከእኩዮቿ ታንሳለች። ለለቅሶ የመጣውን ሰው ውሃ እያቀረበች ስትመላለስ አየኋት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ አስቴር አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ድምፅዋ ደክሟል። ከሊዲያ በፊት ልጅ እንደነበረን ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ከሁለቱም አፍ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ የሚኖሩት ሸዋ ቤንች አካባቢ ነበር። ወንድ ልጅ ነበር አለችኝ፤ ወፍራም፣ ነጭ ጥርስ ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚያቅፈው። በየወሩ አረንጓዴው ላይ ነበር። አንድ ጠዋት ትኩሳት ያዘው። የሊዲያ አባት አሁኑኑ እንውሰደው አለ።

"እኔ ነኝ እንቆይ ያልኩት" አለች አስቴር። "ሰሞኑን መዝነውት ጎበዝ ነው ብለውኝ ነበር። ትኩሳት የማይዘው ልጅ አለ እንዴ አልኩት። ቆየን።"

ልጁ በማግስቱ ሞተ። የሊዲያ አባት ልጁ እንዴት እንደሞተ ለማንም አልተናገረም። ለእኔ፣ ለሲስተር፣ ለቤተሰቦቹም አልተናገረም። እንዴት ሞተ ብሎ ሰው ከጠየቀ የአስቴር ስም እንደሚነሳ ያውቃል። ለእሷም ቢሆን አንድ ቀን አንቺ ነሽ ብሏት አያውቅም። ባጃጁን ገዝተው ሚዛን የገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

አስቴር ነጠላዋን ጠቀለለች። ከዚያ ሊዲያ የተወለደችበትን ቀን ነገረችኝ። በጣም ትንሽ ነበረች። አዋላጇ መዝና ኪሎዋን ስትነግራቸው አስቴር አለቀሰች።

"እሱ ግን ተቀብሎ አቀፋት" አለችኝ። "አታልቅሺ አለኝ። ይቺን ማንም ደህና ናት ብሎ አያዘናጋንም፤ እኛው ነን የምናያት አለኝ።"